ጨ የጠፋችበት ክረምት

በእኛ ጊዜ ክረምት ሲገባ የሚዘጋው ትምህርት ቤቱ ብቻ አልነበረም፣ ጭንቅላታችንም አብሮ ይዘጋ ነበር። አትሳቁ፣ የምሬን ነው! መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ሰኔ ላይ ይሰበስቡታል፣ ደብተሩን እናት እሳት ታያይዝበታለች፣ እና ሐምሌንና ነሐሴን እንሰት ውስጥ፣ ቡና ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ ስንል ከርመን መስከረም ላይ መምህሩ "በየነ፣ ተነስ፣ አንብብ!" ሲለኝ ምኑን ላንብበው? ፊደሉ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ አንተዋወቅም። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እኔ ሁለተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ነው የተማርኩት። ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው ቁመቴ የመምህሩ ትከሻ ደርሶ ነበር፣ አጠገቤ የሚቀመጡት ሕፃናት "ጋሼ" ይሉኝ ጀመር። አፈርኩና ተውኩት። ይርጋጨፌ ሄጄ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ገባሁ። ፊደሉንም ኋላ ላይ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የለቀምኩት። እና እናንተ ጎረቤቶቼ አሁን "ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ልጆቹ ይረፉ" ስትሉ ሰምቼ ነው ይሄን ጨዋታ ያመጣሁት። ይረፉ እንጂ፣ ማን አይረፉ አለ? ግን ስሙኝማ።

ያቺ የልጄ ልጅ ምህረት፣ ታውቋት የለ፣ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። እናቷ ገደብ ከተማ ትነግዳለች፣ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው። ታዲያ አምና ሦስተኛ ክፍልን ስትጨርስ መምህርቷ አስጠራችኝ። ገና ልጅ እግር ናት፣ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ የሚባል የለም። "አባባ፣" አለችኝ፣ "ምህረት በጌዴኦኛ ጎበዝ ናት፣ አማርኛ ንባብ ላይ ግን ትንገዳገዳለች። ክረምቱን ዝም ካላችኋት ያለውም ይጠፋባታል። መስከረም መጀመሪያ ላይ አስነብባታለሁ፣ ካቃታት ሦስተኛን ትደግማለች።" ትደግማለች! ይቺን ቃል እኔ አውቃታለሁ። ዘንድሮ ደገመች፣ ከርሞ ደገመች፣ ከዚያ እንደኔ አፍራ ትወጣለች ማለት ነው። "ግድ የለም መምህርት፣ እኔ አለሁ" አልኩና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ምንም! ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ "ነገ እንጀምራለን" እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ወገቤን ያመኛል፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ አለ። ልጅቷም ዝናቡ ጋብ ሲል ገመድ ትዘላለች፣ ደስ ብሏታል፣ እሷ ደስ ካላት እኔም ደስ ይለኛል፣ እና እንዲሁ ስንል ሐምሌ እልም አለ።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ሸምሱ ሱቅ ላክኋት። "መንገድ ላይ እንዳትረሺው፣ ጽፈሽ ሂጂ" አልኳት። ጻፈች፣ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ማን ይምጣ? ባለሱቁ ራሱ! በዚያ ዝናብ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ ምህረትን በእጁ ይዞ።

"ጋሽ በየነ! ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ምነው ሸምሱ፣ ምን ተፈጠረ?"

"ስኳር አለኝ፣ ሳሙና አለኝ። ላም ግን ከየት ላምጣልዎት?"

"የምን ላም?"

"ይኸው! ስኳር፣ ሳሙና፣ ላም!"

ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው ስኳርና ሳሙና በአማርኛ ተጽፈዋል፣ ሦስተኛው በላቲን ነው፣ ሲ፣ ኦ፣ ደብሊው። ሸምሱ እንግሊዝኛ ትንሽ ይሞክራል፣ "ካው ማለት ላም ነው" ይለኛል። ወደ ልጅቷ ዞርኩ፣ "ምህረት፣ እኔ ምን አምጪ ነው ያልኩሽ?" "ጨው።" "ታዲያ ላሟ ከየት መጣች?" "ጨው እኮ ነው የጻፍኩት አባባ!" ብላ በጣቷ አሳየችን። ለካ በትምህርት ቤት ጌዴኦኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ በጌዴኦኛ ደግሞ ያቺ ሲ፣ ያቺ የተገመጠ ቂጣ የምትመስለዋ፣ ጨ ናት። እሷ ጨው ብላ ጻፈች፣ ሸምሱ ላም ብሎ አነበበ። ሸምሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከረጢቱ ከራሱ ላይ ወደቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሳቅኩና "ለምን በአማርኛ አልጻፍሽውም ታዲያ?" ስላት አቀረቀረች።

"ጨ ጠፋችብኝ።"

"የት ጠፋችብሽ?"

"እኔ እንጃ። ሐምሌ ላይ ነበረች።"

ሐምሌ ላይ ነበረች! እኔ ነኛ ሐምሌን የበላሁባት! "ሌላስ ምን የጠፋ አለ?" ብላት "ኘ፣ ዠ፣ ጰ" እያለች ትቆጥርልኛለች። መስከረም ሊገባ የቀረው አንድ ወር ነው። ያኔ ሸምሱ ምን አለ? እግዚአብሔር ይስጠው፣ መቼም አልረሳለትም። "ጋሽ በየነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ በአፏ ብትነግረኝ አልሸጥላትም። በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ካልመጣ ከሱቄ ክብሪት አይወጣም" አለ። ወላሂ ብሎ ማለ፣ መሐላውንም ጠበቀ። "ክብሪት" ስትል "ክቢሪት" ብላ ጽፋ ሄዳ በዝናብ የመለሳት ጊዜ ነበር፣ እኔ ተናድጄ፣ እሷ አልቅሳ፣ አስተካክላ ጽፋ ተመለሰች። በማግሥቱ ግን አልተሳሳተችም።

እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ላስተምራት ተቀመጥኩ። ደብተር ማን ይፈጅላታል፣ ጓሮ ወርጄ የእንሰት ቅጠል ቆረጥኩ፣ በእሾህ ሲጫጭሩበት ትንሽ ቆይቶ ይጠቁራል፣ ደስ ይላል። "ይኸው ጨ" እላለሁ። ይቺ ልጅ ግን ተንኮለኛ ናት፣ የጌዴኦኛ መጽሐፏን አመጣችና "አባባ፣ አንተ ደግሞ ይሄን አንብብልኝ" አለች። አየሁት። ደግሜ አየሁት። "አልችልም" አልኳት። "እንዴ! አንተ ጌዴኦ አይደለህ?" "ነኝ።" "ታዲያ ቋንቋህን አታነበውም?" በእኛ ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ነበር፣ ጌዴኦኛ የአፍ ነው፣ የእናት ነው፣ ይጻፋል ብሎ ማን አስቦ! አፈርኩ፣ አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ። እሷ ግን "ግድ የለህም፣ አንተ አንድ ፊደል ስጠኝ፣ እኔም አንድ እሰጥሃለሁ" አለች። እንዲህ ተዋዋልን፣ ጠዋት ጠዋት እኔ እሰጣለሁ፣ እሷ ትሰጠኛለች። ያጠናንበትን ቅጠል የጎረቤት ፍየል ትበላዋለች፣ እኛ ሌላ እንቆርጣለን። እሷ እኔን ስታርም የራሷ ይጠነክራል መሰለኝ፣ "አባባ፣ አልተረዳህም፣ ኤክስ እኮ በጌዴኦኛ ጠ ናት!" እያለች ትቆጣኛለች። እኔም ተማርኩ ብዬ አስፋልት ላይ አንዱ መኪና ጀርባ በላቲን የተጻፈውን ጮክ ብዬ "ታጢ!" ብዬ አነበብኩ። "ታክሲ ነው አባባ፣ እሱ እንግሊዝኛ ነው!" ብላ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀችብኝ።

እና መስከረም ደረሰ። ይዣት ሄድኩ፣ ኧረ እሷ ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ። መምህርቷ፣ ምህረት አይታው የማታውቀውን መጽሐፍ ከፈተችላት፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ መስመር አነበበች፣ ሁለት አነበበች፣ ሦስተኛው ላይ "አጎቴ በሬውን ይዞ ወደ…" ብላ ቆመች። እኔ ከበሩ ሆኜ "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" እላለሁ። "ወደ ጪ…" አለች፣ ዋጥ አደረገችና፣ "ወደ ጪጩ ገበያ ሄደ!" ከዚህ ወዲያ ማን ያቁማት፣ ገጹን እስከ ታች ወረደችው። መምህርቷ መጽሐፉን ዘጋችና "ምህረት፣ አራተኛ ክፍል ግቢ" አለች። እኔ ወንድ ሆኜ ነው እንጂ እልል ማለት አምሮኝ ነበር! ለዚያች መምህርት ጎንበስ ብዬ ምስጋና አቀረብኩ። ለሸምሱም፣ ለዚያ ለደረቅ መሐላው፣ እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር አመሰግነዋለሁ፣ እሱ ደግሞ "ተዉ እንጂ ጋሽ በየነ" ይለኛል።

ልንወጣ ስንል ይቺ ልጅ ዞር ብላ "መምህርት፣ አባባም ይፈተን!" አትልም? መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፣ የጌዴኦኛ መጽሐፍ አምጥታ ሰጠችኝ። እኔም መነጽሬን አደረግኩና በጣቴ እየተከተልኩ፣ እያላበኝ፣ አንድ መስመር አነበብኩ። ሙሉ መስመር! እናቴ በዚህ ቋንቋ አውርታ፣ በዚህ ቋንቋ ጸልያ ነው የሞተችው፣ አንድም ቀን ተጽፎ አላየችውም። እኔ አየሁላት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ እዚያው አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የጋሽ በየነን ጨዋታ ሲያዳምጡ ከነበሩት ጎረቤቶች አንዷ፣ "አባባ፣ ግን ያ መስመር ምን ይል ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"ምን ይላል! 'ከምግብ በፊት እጅህን ታጠብ' ነው የሚለው! ሃ ሃ ሃ! ሰባ ዓመት ጠብቄ፣ በቋንቋዬ ተጽፎ የደረሰኝ የመጀመሪያው መልእክት እጅህን ታጠብ!"

"ታዲያ ታጠቡ?"

"ታጠብኩ እንጂ! ራሷ እናቴ የተቆጣችኝ ነው የመሰለኝ።"