ስድስት ቀን ዝም ያለው ሆድ

ወይንሸት እንደምትለው ልጇ ደኅና ነው። ሁለት ወር ሞልቶታል፤ ጡት ይጠባል፣ ጨርቁን በሽንት ያርሳል፣ ይስቃል። ሰገራ ካየችበት ስድስት ቀን ቢሆነውም የመጨረሻው ቢጫና ለስላሳ ነበር። እናቷ ወይዘሮ እታለማሁ እንደሚሉት ግን ሕፃኑ ሆዱ ታስሮ ሊሞት ነው፤ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ያምጣል። «የምታጥበው ጨርቅ ስለቀነሰላት ደስ ብሏታል» እያሉ ልጃቸውን ይነቅፏታል።

ወይዘሮ እታለማሁ ቅቤ አቅልጠው፣ የጤና አዳም ጭማቂ ጨምረው፣ ሊያውጡት ሕፃኑን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ በጎባ ላይ በረዶ ወረደ። ከጎንደር ኮሌጅ ተመርቆ በቅርቡ ባሌ የገባው ጤና መኮንን ኃይለመስቀል በቅሎውን እየሳበ ወደ ሮቤ ሲያልፍ ደጃቸው ተጠለለ። ግባ አሉት። ቅቤው ለማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ፤ ነገሩት።

እጁን በትንፋሹ አሙቆ የሕፃኑን ሆድ ዳሰሰ። «ይንኩት እማማ፤ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው።»

ነኩት፤ ግን አላመኑም። «ለመሆኑ ስንት ወልደሃል?»

«ገና አላገባሁም» አለ ፈገግ ብሎ።

ከዚያም በዝግታ አስረዳቸው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን የመጀመሪያው ወር ካለፈው፣ አንዱ በቀን አምስት ጊዜ ሰገራ ሲወጣ ሌላው ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ወተቱ አብዛኛው ሰውነት ስለሚሆን ትርፉ ጥቂት ነው። የሚያምጠውም መግፋትን ገና እየተማረ ስለሆነ ነው። ድርቀት የሚባለው የሚወጣው ሲጠጥር ነው። ቅቤ ግን ሕፃን ትን ሲለው ወደ ሳንባ ይገባል።

ወይንሸት አንገቷን ደፋች። የበኩር ልጇ ቅቤ ሲውጥ ትን ብሎት፣ ደረቱ ሲያፍነው ሰንብቶ በአራተኛው ቀን ሞቷል። ቅቤውን ያዋጡት እናቷ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሕፃን በቤቱ ተወርቶ አያውቅም።

«የበኩሯም ልጅ ያዋጥኩት ቅቤ ትን ብሎት ነው የሞተው፤ እኔ ነኛ የገደልኩት?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ ቀስ ብለው።

ኃይለመስቀል ሊያጽናና ብሎ መዋሸትም፣ ያላየውን መፍረድም አልፈለገም። «አላየሁትምና ይህን ልል አልችልም። የሰጡት ግን ሊያድኑት ነበር።»

ወይዘሮ እታለማሁ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲያው መቼ ልፍራ?»

ይህን ጥያቄ ወደደው። አረንጓዴ ሲያስመልስ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሲጠጥር፣ ጡት እምቢ ሲል፣ ሲያተኩሰው፣ ሽንቱ ሲቀንስ ወይም ሰገራው ደም ሲኖረው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ያምጡት አላቸው። እስከዚያ ጡቱ ይበቃዋል፤ ሳንባውም ሆዱም ከጉዳት ይጠበቃል።

ወይዘሮ እታለማሁ ሕፃኑን ለእናቱ አስታቀፏት።

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይውጥም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከነገርከኝ አንዱን ካየሁበት ግን ራሴ አዝዬ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ።»