ማን ቀሰቀሰው?

(የላይ ዋርካንና የታች ዋርካን መንደሮች የሚያገናኘው ድልድይ ከጠቡ ወዲህ በእሾህ ተዘግቷል፤ በታች ዋርካ በኩል ባለችው የዘበኛ ክፍል ውስጥ የሁለቱ መንደሮች የድምፅ ማጉያ ተናጋሪዎች፣ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ልሳኑ ከታች፣ ወጣቷ ማስተዋል በሽማግሌዎች ፈቃድ ከላይ ተሻግራ፣ አንድ ወረቀት ለመጻፍ ተቀምጠዋል፤ ቀትር ነው፣ ሕዝቡ በወዲህም በወዲያም ቆሞ ይጠብቃል።)

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ ማን ቀሰቀሰው?

ጋሽ ልሳኑ፦ እኔ አይደለሁም። ስገባም ተኝቶ ነበር።

ማስተዋል፦ ማን?

ጋሽ ልሳኑ፦ ዘበኛው ነዋ። በሩን ዘግቶ ተጋድሟል። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ዘልዬው ነው የገባሁት።

ማስተዋል፦ ዘበኛውን አይደለም፣ ጦርነቱን ነው። ጦርነቱን ማን ቀሰቀሰው ብለን እንጻፍ ነው የምልዎት።

ጋሽ ልሳኑ፦ እሱማ ቀላል ነው። እናንተ።

ማስተዋል፦ እኛ ምን አደረግን? ሰርግ ላይ ነበርን።

ጋሽ ልሳኑ፦ እኛ ደግሞ ለቅሶ ላይ። የደረበን እናት ቀብረን ድንኳን ውስጥ በተቀመጥንበት ያን ሞንታርቦ ለቀቃችሁብን። እንኳን ጦርነት፣ ሟቿም ሊቀሰቀሱ ምንም አልቀራቸው።

ማስተዋል፦ ለቅሶ መኖሩን በምን እናውቃለን?

ጋሽ ልሳኑ፦ ስናለቅስ አትሰሙም?

ማስተዋል፦ ሞንታርቦው እየጮኸ እንዴት እንስማ?

ጋሽ ልሳኑ፦ እሱን ነው የምልሽ።

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ያሉትን ሰምተዋል፤ አንድ ወረቀት፣ ሁለታችንም የፈረምንበት። እሱ ካልተነበበ እሾሁ አይነሳም። እሾሁ ካልተነሳ ደግሞ እትዬ ዘርፌ...

ጋሽ ልሳኑ፦ ባለቤቴን እዚህ ውስጥ አታስገቢ። ይህ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

ማስተዋል፦ እሺ፣ ትቼዋለሁ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ደህና ናት?

ማስተዋል፦ ደህና ናቸው። እህታቸው ቤት ናቸው። ለሰርጉ የመጡበትን ነጭ ቀሚስ እያጠቡ ይለብሳሉ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ቅያሪ አልያዘችም። ማታ እመለሳለሁ ብላ ነው የወጣችው።

ማስተዋል፦ እርስዎስ እንዴት ነዎት?

ጋሽ ልሳኑ፦ እየታገልኩ ነው።

ማስተዋል፦ ከማን ጋር?

ጋሽ ልሳኑ፦ ከምድጃው ጋር። ይልቅ የእናንተን ረቂቅ አንብቢ።

ማስተዋል፦ «የታች ዋርካ ሰርጎ ገቦች በደስታችን ቀን ድልድዩን ተሻግረው፣ መብራታችንን ቆርጠው...»

ጋሽ ልሳኑ፦ ቆይ። ሰርጎ ገብ ያላችሁት ማንን ነው? ያን ቀን ከእኛ ወደ እናንተ የተሻገረች ዘርፌ ብቻ ናት።

ማስተዋል፦ እሳቸውን ማለታችን አይደለም።

ጋሽ ልሳኑ፦ ሌላ ሰው አልተሻገረማ። ምን ይዛ ነው ሰርጋ የገባችው? ድፎ ዳቦ ነው የያዘችው። እስከ ድልድዩ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ።

ማስተዋል፦ ድፎውን በልተነዋል። ጥሩ ነበር።

ጋሽ ልሳኑ፦ እንግዲያው ሰርጎ ገብ ሳትሆን ሰርግ ገብ ናት። አርሚው።

ማስተዋል፦ አረምኩት። የእርስዎን ያንብቡልኝ።

ጋሽ ልሳኑ፦ «የላይ ዋርካ ኃይል ከውጭ ባስገባው ከባድ መሣሪያ...»

ማስተዋል፦ የምን ከባድ መሣሪያ?

ጋሽ ልሳኑ፦ ሞንታርቦው ነዋ። ከከተማ ተከራይታችሁት የለም? አራት ሰው ነው ከመኪና ያወረደው። ከባድ ነው፤ ከውጭም የገባ ነው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ማስተዋል፦ ይቀጥሉ።

ጋሽ ልሳኑ፦ «...መስመሩን አጨናንቆ መብራታችንን አቃጠለ። ይህም አልበቃው ብሎ በዱላ መጣብን። ጀግናው የታች ዋርካ ሕዝብም ራሱን ተከላከለ።»

ማስተዋል፦ በምን ተከላከላችሁ?

ጋሽ ልሳኑ፦ በድንኳኑ ካስማ።

ማስተዋል፦ ድንኳኑስ?

ጋሽ ልሳኑ፦ ላያችን ላይ ወደቀ። ያንን አልጻፍኩትም።

ማስተዋል፦ በማግስቱ ግን «አኩሪ ድል ተቀዳጀን» ብለው ሲያውጁ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ልሳኑ፦ አንቺም አውጀሻል።

ማስተዋል፦ እኛ ስላሸነፍን ነው።

ጋሽ ልሳኑ፦ ካሸነፋችሁ ለምን ሮጣችሁ?

ማስተዋል፦ «ስልታዊ ማፈግፈግ» ነው ያልኩት።

ጋሽ ልሳኑ፦ ጫማ ጥሎ ነው ስልታዊ ማፈግፈግ? የጫማችሁ ክምር አሁንም እኛ ጋ ነው።

ማስተዋል፦ የሙሽራውም የግራ ጫማ አለበት? ሲፈልገው ነው የሰነበተ፤ የኪራይ ነው።

ጋሽ ልሳኑ፦ ተማርኳል በይው።

ማስተዋል፦ ጋሼ፣ ሰው እኮ ተጎድቷል። ከእናንተ አንድ ልጅ፣ ከእኛ አንድ ልጅ እጃቸው ተሰብሮ ጤና ጣቢያ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ጋሽ ልሳኑ፦ ይነጋገራሉ?

ማስተዋል፦ በደህናው እጃቸው ካርታ ይጫወታሉ አሉ። እንደገና ከተጀመረ ግን በካርታ አይበቃም። ያ የማክሰኞው አዋጅዎ እኮ ሊያስጀምር ነበር።

ጋሽ ልሳኑ፦ የቱ?

ማስተዋል፦ «ላይ ዋርካ ያላችሁ ስሙ። የት እንደተቀመጠ የምታውቂ፣ ዛሬውኑ ተናገሪ፤ ትዕግሥታችን እያለቀ ነው» ያሉት። ወጣቶቹ የተደበቀ መሣሪያ አለ ብለው መንደሩን ሁሉ ፈተሹ። የአያቴን ከዘራ ሳይቀር ወሰዱ።

ጋሽ ልሳኑ፦ መሣሪያ አላልኩም።

ማስተዋል፦ ምን ነበር ታዲያ?

ጋሽ ልሳኑ፦ ሽሮ።

ማስተዋል፦ አቤት?

ጋሽ ልሳኑ፦ ሽሮው የት እንዳለ ጠፋኝ። የምታውቀው ዘርፌ ናት። እንዳልደውል የመንደራችን ኮሚቴ «ከጠላት ወገን ጋር ይገናኛል» ብሎ ስልኬን ይዞብኛል። የቀረኝ የመንደራችን ሞንታርቦ ብቻ ነው።

ማስተዋል፦ እትዬ ዘርፌማ ወዲያው ገብቷቸዋል። እየሮጡ መጥተው «ከአልጋው ሥር፣ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ብለሽ አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ታች ዋርካ በሙሉ እኮ ፈንጂ ተቀብሮብናል ብሎ አልጋውን ደጅ አውጥቶ አደረ።

ማስተዋል፦ እርስዎስ?

ጋሽ ልሳኑ፦ እኔ ሽሮ በላሁ። አረረብኝ እንጂ።

ማስተዋል፦ ሌላም መልእክት አለኝ። ይሄኛው የሕዝብ ጉዳይ አይደለም።

ጋሽ ልሳኑ፦ ተናገሪ።

ማስተዋል፦ እሾሁ ቢነሳም አልሻገርም ብለዋል።

ጋሽ ልሳኑ፦ ማን?

ማስተዋል፦ ባለቤትዎ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ምን በደልኳት?

ማስተዋል፦ «ከላይ ዋርካ ሰው አይወጣም» ብለው ነበር።

ጋሽ ልሳኑ፦ ያ ስለ ጠላት የተባለ ነው።

ማስተዋል፦ እሳቸው የተወለዱት ላይ ዋርካ ነው። «እኔ ታዲያ ከየት ወጣሁ? እንደተናገረው ሁሉ በዚያው በሞንታርቦው ይመልሰው» ነው የሚሉት።

ጋሽ ልሳኑ፦ ሰው ሁሉ እየሰማ?

ማስተዋል፦ ሲናገሩትም ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር።

ጋሽ ልሳኑ፦ የእኛ ሰዎች ምን ይሉኛል? «ልሳኑ ለሽሮ ብሎ ሸጠን» ነው የሚሉኝ።

ማስተዋል፦ ለሽሮ ነው?

ጋሽ ልሳኑ፦ ሽሮውንማ አገኘሁት። ቤቱ ነው ዝም ያለኝ። ድሮ ገና ከበር ስገባ «ቀንስ፣ ጆሮዬን» ትለኛለች። አሁን ቀኑን ሙሉ ጮኼ እገባለሁ፤ ቀንስ የሚለኝ የለም። እየጮኽኩ ነው የማድረው መሰለኝ።

ማስተዋል፦ እንጨርሰዋ። «ጦርነት ተቀሰቀሰ» ብለን እንለፈው።

ጋሽ ልሳኑ፦ አይሆንም። ባለቤት የለውም።

ማስተዋል፦ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አድራጊው ካልታወቀ ተደራጊ ግስ ይገባል ብለው።

ጋሽ ልሳኑ፦ «ብርጭቆው ተሰበረ» ብለሽ ስትመጪስ ምን አልኩሽ?

ማስተዋል፦ «ራሱን ሰበረ?» ብለው ጆሮዬን ያዙኝ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ታዲያ ጦርነት ራሱን ይቀሰቅሳል? ሰዓት ሞልቶ ነው የሚተኛው?

ማስተዋል፦ «ተነሳ» እንበል።

ጋሽ ልሳኑ፦ ፊቱንስ ታጠበ?

ማስተዋል፦ «ፈነዳ»።

ጋሽ ልሳኑ፦ ጎማ ነው?

ማስተዋል፦ «ወደ ጦርነት ተገባ»።

ጋሽ ልሳኑ፦ ማን ገባ?

ማስተዋል፦ ማንም። ተገባ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ነው የሚጻፈው።

ጋሽ ልሳኑ፦ ማንም ካልገባ የሚወጣም የለማ። ተነሺ፣ ወደየቤታችን እንሂድ።

ማስተዋል፦ እሺ፣ ከሥሩ እንጀምር። ከዱላው በፊት ምን ሆነ?

ጋሽ ልሳኑ፦ መብራት ሄደ።

ማስተዋል፦ እኛም ጋ ሄደ።

ጋሽ ልሳኑ፦ እናንተ ስላቃጠላችሁት።

ማስተዋል፦ እናንተ ስለቆረጣችሁት። ግን ጋሼ፣ ያን ዕለት ከወረዳው ከተማም ሄዶ ነበር።

ጋሽ ልሳኑ፦ ማን አለሽ?

ማስተዋል፦ የሙሽራዋ ሚዜ። ፀጉር ቤት ነበረች። ግማሽ ራሷ ተተኩሶ ግማሹ ሳይተኮስ ነው ሰርጉ ላይ የደረሰችው። ፎቶ ሁሉ በአንድ ጎኗ ነው የተነሳችው።

ጋሽ ልሳኑ፦ ይህን ይዘሽ በሞንታርቦው ያልተናገርሽ ለምንድን ነው?

ማስተዋል፦ ለእኛ ኮሚቴ ነግሬ ነበር። «የሕዝቡን ወኔ ያቀዘቅዛል» አሉኝ። ዝም አልኩ። እርስዎ አልሰሙም ነበር?

ጋሽ ልሳኑ፦ ሰምቻለሁ። ባለወፍጮው ከከተማ ሲመለስ ነግሮኛል።

ማስተዋል፦ ታዲያ?

ጋሽ ልሳኑ፦ ሞከርኩት። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «መብራት ሄደ፤ የሄደውም ከሁሉም ነው፤ ማንም አልቆረጠውም።» ለሞንታርቦ አይሆንም ልጄ። ድምፅ ከፍ የሚደረግበት ቦታ የለውም።

ማስተዋል፦ ዝቅ አድርገው ያንብቡታ።

ጋሽ ልሳኑ፦ የት ሄደ ቢሉንስ?

ማስተዋል፦ መብራት ሲሄድ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው ያውቃሉ?

ጋሽ ልሳኑ፦ አላውቅም። ባለቤትም አለው። የሄደው መብራት ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው። ጻፊ።

ማስተዋል፦ «ያን ዕለት መብራት ሄደ። የላይ ዋርካ ሰው ታች ዋርካን ጠረጠረ፤ የታች ዋርካ ሰው ላይ ዋርካን ጠረጠረ። ሳንጠያየቅ ተማታን።»

ጋሽ ልሳኑ፦ «ተማታን።» ይህ ግስ የሁለታችንም ነው። ይሁን።

ማስተዋል፦ የልጆቹስ እጅ? «ተሰበረ» ልበል?

ጋሽ ልሳኑ፦ እሱ በተደራጊ አይጻፍም። የሰበሩት ይታወቃሉ፤ አንዱ ከእናንተ፣ አንዱ ከእኛ። በስማቸው ተጠርተው ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ ብለሽ ጻፊ።

ማስተዋል፦ ጻፍኩ። እዚህ ጋ ይፈርሙ። ማይኩ ያውልዎ፤ ገመዱ ከሁለቱም ሞንታርቦ ጋር ተገናኝቷል።

ጋሽ ልሳኑ፦ አንቺ አንብቢው።

ማስተዋል፦ ሰው አይወጣም ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ጋሽ ልሳኑ፦ ድሮ እጅሽን እንኳ ለማውጣት የምታፍሪ ልጅ ነበርሽ።

ማስተዋል፦ አሁንም አፍራለሁ። ያንብቡ።

ጋሽ ልሳኑ፦ እህ... «የላይ ዋርካና የታች ዋርካ ሰዎች፣ ያን ዕለት መብራት ሄደ። የላይ ዋርካ ሰው ታች ዋርካን ጠረጠረ፤ የታች ዋርካ ሰው ላይ ዋርካን ጠረጠረ። ሳንጠያየቅ ተማታን። የሁለቱን ልጆች እጅ የሰበሩት በስማቸው ተጠርተው ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ።» ከዚህ ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ የሌለ አለኝ። እኔ ልሳኑ፣ ከላይ ዋርካ ሰው አይወጣም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከላይ ዋርካ ዘርፌ ወጥታለች። እሷ ከመጣች ወዲህ ነው ቤቴ ቤት የሆነው። ዘርፌ፣ ነይ። ቀንስ የሚለኝ ሰው አጣሁ።

ማስተዋል፦ ጋሼ።

ጋሽ ልሳኑ፦ አበዛሁት?

ማስተዋል፦ አልተሰማም።

ጋሽ ልሳኑ፦ ምኑ?

ማስተዋል፦ «ያን ዕለት መብራት ሄደ» ካሉ በኋላ ያለው በሙሉ። መብራት ሄደ።

ጋሽ ልሳኑ፦ አሁን?

ማስተዋል፦ ልክ እርስዎ ሲሉት።

ጋሽ ልሳኑ፦ አለቀልን። ቆረጣችሁ አልቆረጥንም ሊባባሉ ነው። በመስኮቱ እዪ እስቲ፣ ዱላ አንስተዋል?

ማስተዋል፦ አላነሱም። ሁለቱም ሞንታርቦ እኩል ዝም ሲል አይተዋል። ይሳሳቃሉ መሰለኝ። የእርስዎ አፍ ሲንቀሳቀስ ግን በመስኮቱ ታይቷል፤ ምን እንዳሉ ለመስማት እየተጠጉ ነው።

ጋሽ ልሳኑ፦ የእኛዎቹ ወይስ የእናንተዎቹ?

ማስተዋል፦ ሁለቱም። እሾሁ ጋ ደርሰዋል።

ጋሽ ልሳኑ፦ ወረቀቱ ሳይነበብ እሾሁ አይነሳም ተብሏል እኮ።

ማስተዋል፦ ተነሳ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ማን አነሳው?

ማስተዋል፦ እንጃ፣ ብዙ ሰው ነው የጎተተው። አንዱ «ጫማዬን» እያለ ነው፤ ሙሽራው መሰለኝ።

ጋሽ ልሳኑ፦ ነጭ ቀሚስ የለበሰችስ አለች?

ማስተዋል፦ ሰዉ ጋረደኝ፣ አይታየኝም።

ጋሽ ልሳኑ፦ ደጅ ወጥቼ ልድገመው ይሆን? ያለ ሞንታርቦ እንዴት እንደሚወራ እንኳ ጠፍቶኛል። ደግሞ ያ በር ላይ የሚያጉረመርመው ማነው?

ማስተዋል፦ ዘበኛው ነው፤ ነቅቷል።

ጋሽ ልሳኑ፦ ስንጮህበት ውለን ያልነቃውን ሰው ማን ቀሰቀሰው?

ማስተዋል፦ እትዬ ዘርፌ ቀሰቀሱት፤ ድልድዩን ተሻግረው በሩ ላይ ቆመዋል።