ለቅሶ ቤት ያሳቅሁ ዕለት

በድሮ ፊልሞች ላይ አንድም ቀን ዋና ተዋናይ ሆኜ አላውቅም። የኔ ድርሻ ነገረኛ ጎረቤትና አፈኛ ሠራተኛ ነበር። ከሁሉ የታወቅሁት ግን ለቅሶ ቤት ገብታ በአንድ እጇ ደረቷን እየደቃች፣ በሌላው ፊቷን ሸፍና የንፍሮውን ሰፌድ በጣቶቿ መሃል አሾልካ በምታይ ሴትዮ ነው። ያቺ ሴትዮ እንጀራ ሰጥታኛለች፤ ለቅሶ መድረስ ግን ከለከለችኝ። ገና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድንኳን ስገባ ሰው ይስቃላ። እና ቀብር ላይ ከኋላ ቆሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

በቀደም ሽሮ ሜዳ ጎረቤቴ የነበረው ሸማኔ አረፈ። ከእሱ ለቅሶስ አልቀርም ብዬ ድንኳኑ ገባሁ። አንገቴን ደፍቼ ጥግ ልቀመጥ ስል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌላው ተከተለ። በቃ፣ የድንኳኑ ሰው ሁሉ አፉን በጋቢ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አፍሬ ልወጣ ስዞር የሸማኔው ሚስት ጠራችኝ። ባሏ ካረፈ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም ነበር።

"እትዬ፣ የት ይሄዳሉ?"

"ሐዘናችሁን አበላሸሁት፣ ልጄ።"

"ይቀመጡ። እሱም ሸማውን እየሠራ ፊልሙ ላይ እንደ እርስዎ እያለቀሰ ነበር የሚያስቀኝ።" ይህን ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ለቅሶ ሆነ፤ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋችው። "ንፍሮውን አይተውታል አይደል? በሉ ይዝገኑ፣ አብሬዎት ልቅመስ።"

ዘገንኩ። እሷም ዘገነች።

ዋና ተዋናይዋ አገር አስለቅሳለች፣ አልክድም። ሐዘንተኛ ያስበላሁት ግን እኔ ነኝ።