የጋሽ ደበሌ የስንብት ቀረጻ

ሔኖክ ስልኩን ያነሳው አራት ጊዜ ከጠራ በኋላ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለችው ጠባብ ቢሮው ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ከካሜራ ባለሙያው ከኩማ ጋር የተዋናዮቹን ጋሻና ካባ ማዳበሪያ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነበር።

— ሄሎ… አቤት ሀሴት… ደህና ነኝ። እናትሽ በረቱ?… እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ሀሴት የጋሽ ደበሌና የወይዘሮ ብርሃነሽ ልጅ ናት። ጋሽ ደበሌ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሔኖክ ሦስት ዓመት በደከመበት የታሪክ ፊልም ላይ፣ ልጃቸውን ወደ ጦርነት የሚሸኙ ሽማግሌ ሆነው ተወኑ፤ በወሩ አረፉ።

— አዎ፣ ቪዲዮውን… እሁድ?… ለመታሰቢያቸው ሰው ሲሰበሰብ በቴሌቪዥን… ገባኝ… አዎ፣ ባለፈው «ኤዲቲንግ ላይ ነው» ብዬሽ ነበር… ከዚያ በፊትም፣ አዎ።

አንድ ጋሻ አንስቶ ታቀፈ።

— ሀሴት፣ ትሰሚኛለሽ?… ቪዲዮው የለም… አይ፣ አልዘገየም። የለም። የምንቀርጽበት ቦታ አጠገብ ያለው ሐይቅ የሞላ ቀን ውሃው ድንኳናችን ውስጥ ገባ። ሃርድ ዲስኩም ቅጂውም እዚያው ነበሩ… ሁለቱም፣ አንድ ሳጥን ውስጥ… እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ኩማ «አንዱን ቤት ውሰደው» ብሎኝ ነበር፤ ነገ እወስዳለሁ አልኩ… አዲስ አበባ ወስጄ ለባለሙያዎች አሳይቻለሁ። አይሆንም አሉ… ፊልሙም ቆመ። ለፊልሙ የሠራነውን መንደር እንዳለ ውሃ በላው… እኔ? እኔማ ምንም አይሰማኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ… ለምን እንደዋሸሁሽም አላውቅም። ይቅርታ።

ኩማ ማዳበሪያውን ማሰሩን ትቶ አየው።

— ሄሎ?… ማን?… ወይዘሮ ብርሃነሽ! እንደምን ዋሉ እማማ… ላውድ ላይ ነበር እንዴ? ሁሉንም ሰሙ?… አዎ፣ የእኔ ጥፋት ነው… ምን አሉኝ?… ጋሽ ደበሌ እንዴት አድርገው እንደተወኑ ነው?… እሺ።

ሔኖክ ጉሮሮውን ጠረገ።

— በሩ ላይ ቆመዋል። ልጁ ፈረሱን እየሳበ ይሄዳል። እኔ የጻፍኩላቸው ረጅም ምርቃት ነበር። ሰባት ጊዜ ቀረጽን፤ ሰባቴም አልሆነም። በስምንተኛው የእኔን ጽሑፍ ተዉትና በሲዳምኛ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ… እኔማ አልገባኝም፣ ኩማ ነው የተረጎመልኝ። «ወደ ኋላ ዞረህ አትይ፤ እስክትሰወር እኔ ቆሜ አይሃለሁ» ነው ያሉት… ሄሎ? እማማ?… ሄሎ?

ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፤ አልተቋረጠም።

— አለሁ፣ አለሁ… ለሀሴትም ይህንኑ ነው ያሏት?… ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ… መናኸሪያው በር ላይ ቆመው… አላወቅኩም ነበር እማማ… በራሳቸው አነጋገር እንድነግርዎት? እኔ ቋንቋውን አልችልም… ቆይ አንዴ። ኩማ፣ ና እስቲ። ጋሽ ደበሌ ያሉትን ንገራቸው፤ ልክ እሳቸው እንዳሉት።

ኩማ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ። ቀስ ብሎ ተናገረ። አዳመጠና ደገመው። እንደገና አዳመጠ። በሦስተኛው ድምፁ ሻከረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሔኖክ ጋሻውን እንደታቀፈ ያየዋል። ማልቀስ የሚገባው ሰዓት ይህ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አልመጣለትም። ኩማ ሳያየው ስልኩን መለሰለት።

— አቤት እማማ… እሁድ? እኛ?… ምን ይዘን እንመጣለን? ምንም እኮ የለንም… ኩማ ሰው ፊት ይናገረው?… ይናገራል… ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ታቦር ሰፈር… እኔም? እኔ ደግሞ ምን እላለሁ?… ልክ አሁን ለእርስዎ እንደነገርኩዎት?… ከመጀመሪያው… እሺ። በሩ ላይ ከቆሙበት እጀምራለሁ… አልቀርም እማማ። ደህና ይዋሉ።

ስልኩን ዘጋ።