ያላለፈችው ጽዋ

ኅዳር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት። ይህችን ሰዓት አቶ ባምላኩ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም። የሚካኤልን ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ፣ ማንኩሳ መኪና መንገዱ ዳር፣ ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ የልጅ ልጃቸውን ውዳሴን ሲያወርዳት ያገኟት ያን ጊዜ ነው።

ውዳሴ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቡሬ በነርስነት ትሠራለች። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ። ለሚካኤል መጣሽ?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ አባባ። የመጣሁትስ ለእርስዎ ነው። ዛሬ ክንዱን ወደ ማኅበሩ ልትመልሱት ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«አባትሽን በስሙ ትጠሪዋለሽ?»

«ሌላ ስም አላገኘሁለትም።»

ሽማግሌው ነገሩን ያውቁታል። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ያምሮት ምጥ ጠንቶባት ነበር። ያምሮት የእርሳቸው ልጅ፣ የክንዱ ሚስት፣ የውዳሴ እናት ናት። ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ጠርቶ እንዲመጣ ክንዱን ላኩት። ክንዱ በመንገዱ ላይ ካለው አረቄ ቤት «አንድ መለኪያ ብቻ» ብሎ ገባ። በማግስቱ ከጭቃ ውስጥ አነሡት፤ ያምሮትን ግን ከነፅንሷ ቀበሯት። ያን ጊዜ አቶ ባምላኩ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ ነበሩና በአንድ ቃል ከማኅበሩ አስወጡት።

አምና ክንዱ ግሽ ዓባይ ሄዶ ሰባት ወር ጠበል ተጠመቀ። ሲመለስ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከእግራቸው ሥር ወደቀ። ሽማግሌው አለቀሱ፤ ይቅርም አሉት። የቀረው በአገሩ ልማድ የተበደለው ሰው ጽዋ ባርኮ ለበዳዩ በእጁ ማጠጣት ነበር።

ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ።

«አባባ፣ ይቅርታውን ይስጡት። ጽዋውን ግን አይስጡት።»

አቶ ባምላኩ ሳቁ። «እንጀራውን ሰጥቼ ወጡን ልከልክለው? ጽዋ ያልጠጣ ምኑን ታረቀ?»

«የንስሐ አባቱ የሚያሰክር ነገር እንዳይቀምስ ገዝተውታል።»

«የሚያሰክር አሉ እንጂ የሚካኤልን ጽዋ መቼ አሉ! ጸሎት የተደገመበት ጠላ ያሰክራል? ሠላሳ ዓመት ስጠጣው አንድ ቀን ወድቄ አይተሽኛል?»

«እርስዎማ አልወደቁም። ካህኑ ከሚያጥኑበት ጽና ፍም ጭድ ላይ ቢወድቅ፣ የተባረከ ነው ብሎ ጭዱን ይምረዋል?»

«ወይ ጉድ! ለነርስ ቅኔም ያስተምራሉ?»

«ቅኔ አይደለም፣ አባባ። ይህ ነገር በሽታ ነው። የዳነ ይመስላል እንጂ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ለሌላው ሰው አንድ ጽዋ አንድ ጽዋ ነው። ለእሱ ግን በር ነው።»

«እምነት የጎደለሽ ልጅ! ጠበሉ ካዳነው ጽዋው እንዴት ይገድለዋል? ሁለቱም የእግዚአብሔር አይደሉም?»

«ጌታችን ራሱ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ ብሎ አልለመነም?»

«ለመነ። ግን ጠጣት።»

«ጠጣት፤ ሞተባትም።»

አቶ ባምላኩ ቆሙ። በትራቸውን ከመሬት ተከሉት። ሙግት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ መረታትን ግን አይወዱም፤ ከልጅ ልጅ ጋር ሲሆንማ ይብስባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሊረታ ሲል ጥያቄ ያነሣል።

«አንቺ ራስሽ ይቅር ብለሽዋል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያ ለማን ትሟገቻለሽ?»

«ገበያ ላይ እህል ሸጠው እፍኝ ይመርቁ የለ? እናቴን ለወሰደ አረቄ አባቴን አልመርቅለትም።»

አባቴ ማለቷን ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ከቀትር በኋላ ማኅበርተኛው በባለ ተራው ቤት ተሰበሰበ። ቄስ ክንፈሚካኤል ጸሎት አደረሱ። አቶ ባምላኩ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አነሡ፤ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ለክንዱ ዘረጉለት። ክንዱ ከስቶ ነበር፤ ነጠላውን አደግድጎ ቆሟል። እጁን አልዘረጋም።

«አባቴ፣ ውኃ ይስጡኝ። ከእጅዎ ከሆነ ውኃ ይበቃኛል።»

ተስፋው የሚባል ጎረቤት ከጥግ ሆኖ «ሚካኤልን በውኃ! ለአረቄው ጊዜ ጉሮሮህ እንዲህ ጠባብ አልነበረም!» አለ። ሰዎች ሳቁ።

ሳቁ ለአቶ ባምላኩ እንደ ስድብ ተሰማቸው። «ክንዱ፣» አሉ፣ «የልጄን ደም ትቼልህ ከእጄ ጠላ ትጸየፋለህ? ወይስ ይቅርታዬን አልፈለግኸውም?»

ክንዱ ቀና ብሎ አያቸው። ጽዋውን ተቀበለ። አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው። እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሌው አቅፈው ሳሙት። በሩ አጠገብ የነበረችው ውዳሴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አቶ ባምላኩ ያን ቀን ደስ ብሏቸው እንደዋሉ መደበቅ አይገባም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይቅርታና ጽዋ አንድ መስለዋቸው ነበር፤ ስንቶቻችን እንዲሁ መስሎን ኖረናል!

ክንዱ ከማኅበሩ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም። ከአረቄ ቤት አረቄ ቤት ሲል ሃያ ሁለት ቀን ቆየ። ታኅሣሥ 4 ቀን ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ።

ጥር 6 ቀን ውዳሴ ከሥራ ስትመለስ፣ ቡሬ ከተከራየችው ቤት ደጃፍ አያቷ ቆመዋል። በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ እንዲሁ ነው የመጡት፤ የባጃጅ ነጂዎች እንኳ ጥሩንባ መንፋት ትተው መንገድ ለቀውላቸዋል።

«አባባ! ያውርዱት እንጂ! ምን ሆነዋል?»

«መረቅሁት፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ ለአረቄ አልመርቅም ያልሽውን እኔ በገዛ እጄ መረቅሁት።»

ድንጋዩን ልታወርድላቸው ብትሞክር አልለቀቁም።

«ዘመዶቹ ለአርባው ጌሾ ገዝተዋል። ጠላ ሊጠምቁለት ነው። ምን ልበላቸው?»

«የገደለውን ጠምቀን ልናስበው ነው? ለነዳያን እንጀራ እናብላለት፤ ፍትሐቱ ይደረግለት። ነፍሱ ጠላ አትጠጣም።»

«ክንዱ ውኃ ብቻ ነበር የለመነኝ። ሆዴ ያወቀውን ኩራቴ አላሳየኝም። ይቅርታ ከልብ ይወጣል እንጂ ከገንቦ አይቀዳም፤ ይህን ለማወቅ ሰው መቅበር ነበረብኝ? ይቅር በይኝ።»

ውዳሴ ወደ ውስጥ ገባች። በጣሳ ውኃ ይዛ ወጣች።

«ከዚህ ሌላ ጽዋ የለኝም፣ አባባ።»

ድንጋዩን አወረዱ፤ ተቀብለው ጠጡ።

«አባቴንም ይቅር ብየዋለሁ» አለች። «ሳይሰማኝ ሄደ እንጂ።»

በጥር ሚካኤል አቶ ባምላኩ ከማኅበሩ ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ገንቦ ይቅረብ፤ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ጠበል። ውኃ የሚጠጣውን ለምን የሚለው ሰው ቢኖር እኔን ይጠይቀኝ፤ መቃብር ወስጄ አሳየዋለሁ። ንስሐ የገባ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ከአረቄ ቤት ሸሽቶ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከምን ይሽሽ?» ቄስ ክንፈሚካኤል «የባረክነው ከሆነ ውኃውም ጽዋ ነው» ብለው ቃሉን አጸኑት። ከዚያ ወዲህ ሚስቶች ባሎቻቸውን ወደ ማኅበር በሥጋት መሸኘት ተዉ፤ በመጠጥ ምክንያት የራቁ ሰዎችም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ለክንዱ ግን ይህ ሁሉ አልደረሰለትም።

ተዝካሩ ያለ ጠላ ወጣ። በሰኔ ሚካኤል ከውኃው ገንቦ የጠጡት አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ያን ቀን በክንዱ የቀለደው ተስፋው ነው።