እንቢ ማለት የሚቻልበት ቅጽ

ጫማ ሰፊው በስደተኞች ቢሮው በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ ያለፉት ሊያነቡ ሳይሆን ማን እንደሚያነበው ሊያዩ ነበር። «ወደ አገር ቤት የመመለስ ምዝገባ፤ ነገ ይዘጋል» ይላል። በሰው አገር ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት እኒህ ሰው እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል አያምኑም። መታወቂያቸውን እንኳ፣ ይነጥቁኛል ብለው፣ በግራ ጫማቸው ሶል ውስጥ ሰፍተውታል።

በቢሮው አስተርጓሚ የሆነችው ጎረቤታቸው ከውስጥ ስትወጣ ድንገት ተገጣጠሙ።

«አባባ፣ ሊመዘገቡ መጡ?»

«እግሬ ጥሎኝ ነው። ይልቅ ንገሪኝ፣ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?»

«የምን መኪና?»

«ያኔ ድንበር ላይ መጠለያ ሳለን ‹ትመለሳላችሁ› ብለው ሰዉን እንደ ጆንያ ጫኑት። የዚያን ጊዜ ጎረቤቴ ድስቷን ከእሳት ሳታወርድ ሄደች። እኔ የተረፍኩት ቆዳ ልገዛ ወጥቼ ነው።»

«እሱማ ማባረር ነው፤ ስሙን አሳምረው ነው የጠሩት። መመለስ የሚባለው ሰውየው ራሱ ፈቅዶ፣ የሚሄድበትን አውቆ ሲሄድ ነው። አልፈልግም ያለ ይቀራል።»

«አፈ ቅቤ ነሽ። ደመወዝሽን ማን ነው የሚከፍልሽ?»

«እነሱ ናቸው» አለች ሳትሸማቀቅ። «ስለዚህ እኔን አይመኑ። ይግቡና እንቢ ብለው ይዩት።»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። አታላይ እንቢ በሉ ብሎ አይመክርም፤ ወይ ደግሞ ይቺ የተካነች አታላይ ናት። ግን አገር ቤት ያለችው ብቸኛ እኅታቸው ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ደብዳቤዋን እንኳ በሰው እጅ ነው የምታስጽፈው። ገቡ።

«አልመለስም!» አሉ በሩን በሩን እያዩ።

ጸሐፊው ስማቸውን ጠይቆ፣ ቅጹ ላይ «አልመለስም» በሚለው ሳጥን ምልክት አድርጎ አስፈረማቸው። «የመኖሪያ ፈቃድዎ እንዳለ ነው። ሐሳብዎን ከቀየሩ እስከ ነገ አለን» ብሎ ግልባጩን ሰጣቸውና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ማንም አልተከተላቸውም።

ውጭ ደረጃው ላይ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሄጄ ባይመቸኝስ?» አሏት እዚያው የጠበቀቻቸውን አስተርጓሚ።

«መጀመሪያ አይተው መምጣት ይችላሉ፤ እዚሁ ተጽፏል። ለባለሙያ የሥራ መሣሪያ ይሰጣል። በስሙ ተመዝግቦ የገባ ሰው ቤቱንም መብቱንም በግልጽ ይጠይቃል፤ ተደብቆ የገባ ግን በገዛ አገሩም እንደተደበቀ ይኖራል። ብቻ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።»

ክፉዎች ስለተጠቀሙበት ቃሉ ክፉ አይሆንም፤ እንቢ ማለት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ግን የሁሉም ሰው ድርሻ ነው። ጫማ ሰፊው ይህን ጠይቀው መልሱን በእጃቸው ይዘዋል። ተቀመጡና ግራ ጫማቸውን አውልቀው በኪስ ቢላዋ የገዛ ስፌታቸውን ይተረትሩ ጀመር።

«ምነው አባባ?»

«መታወቂያ ይጠይቁኝ የለ?» አሉ፣ መታወቂያውን ከሶሉ እየመዘዙ። «እኅቴ ዓይኗ ሳይጠፋ ትየኝ።»

የተተረተረውን ጫማ እዚያው ትተው፣ መታወቂያቸውን ይዘው በአንድ እግር ጫማ ተመልሰው ገቡ።