የፌዴራል ነፋስ

ንብ አርቢዋ አውቶቡስ ውስጥ ከታናሽ እህቷ ጎን እንደተቀመጠች፣ የፊት ወንበሩ ላይ ያለውን ማጅራት አወቀችው። የክልሉ የፀረ ተባይ ተቆጣጣሪ ነው። ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እንዴት ደስ የሚል አየር ነው እቴ! የትንሿ ጥርስ ወጣላት?... እሰይ። የእኔዎቹ ንቦችማ ዐረፉ። ምን ያስደነግጥሻል? ዐረፉ ነው ያልኩሽ! የአበባ እርሻው በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋሱ ወደ እኛ እየነፈሰ መድኃኒቱን ሲረጭ... ቀፎው ሥር እንደ ጥሬ ተዘርግፈው አገኘኋቸው። ጓሮ ያለው አንድ ቀፎ ብቻ ተረፈኝ። ነገም ይረጫሉ አሉ።

ግን ምን ቸገረኝ? ሕግ አለ፤ የሚያስከብረውም ሰው አለ። ደግሞ እንዴት ያለ ሰው! ቢሮው ስገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ‹እናቴ› አለኝ። ይህን የመሰለ ትሕትና ዛሬ የት ይገኛል? ‹መርጫው የክልል ነው፤ ነፋሱ ግን የፌዴራል ሳይሆን አይቀርም› አለኝ። እውቀት ማለት ይሄ አይደል?... እኔ እኮ ነፋስ ዝም ብሎ የሚነፍስ ይመስለኝ ነበር!»

እህትየው የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከኋላ አንዱ በሳቅ አስነጠሰ።

«ፌዴራል ሄድኩልሽ። ‹መድኃኒቱን መመዝገብ የእኛ፣ አጠቃቀሙን መቆጣጠር የክልሉ ነው። ክልሉ እምቢ ካለ ግን እንገባለን። እምቢ ብሎሻል?› አሉኝ። ታዲያ እንዴት ልዋሽ? እምቢ የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅማ! ጠዋት እሺ፣ ማታ እሺ... እንዲህ ያለ እሺ ባይ ባል አግኝተሽ ቢሆን ኖሮ!»

አውቶቡሱ በእርሻው አጥር ሲያልፍ የመድኃኒቱ ሽታ ገባ፤ ሕፃናት ማሳል ጀመሩ። ሰውየው ከሁሉ ቀድሞ የራሱን መስኮት ዘጋ።

«አየሽልኝ? ሥራ ላይ ነው እኮ! እንዴት ያለ ቆራጥ ነው!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። የሰውየው ጆሮ በርበሬ መሰለ። «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ። ንብ አርቢዋ እግሯን ሰብስባ በአክብሮት አሳለፈችውና ወደ እህቷ ዞረች።

«እንዲህ ላለ ሰው ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። በስተርጅናውም ጧሪ አያሳጣው። አልጋ ላይ ሲውል ውሃ የሚያቀብሉ ሁለት ልጆች ይስጠው... ሁለቱም በጠባያቸው ቁርጥ እሱን!»